ቀስት የሌለው መስመር

ላቫ ከረጋ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ «ወዴት ይፈስ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ለጊዜው ተራ የመረጃ ጥያቄ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጥያቄው እንቆቅልሽ አዝሏል። መፍሰስ በጊዜ ውስጥ ቦታ መለወጥ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ቦታውን የማይለቅ ነገር ነው። መንቀሳቀስ ያበቃለት ነገር ስለ እንቅስቃሴው በምን አፉ ይናገራል? የቆመ ነገር «አቅጣጫ አለው» ማለትስ ምን ማለት ነው? ላቫው ገና አዲስ ሳለ መልሱ በዓይን ይታያል፤ የገጹ እጥፋት ወደ ፍሰቱ ደግኖ ይረጋል፣ የጋዝ አረፋዎቹ ተለጥጠው ይቀራሉ፣ የፈሰሰበት ቦይም ከአፈ ገሞራው እስከ ዳርቻው ድረስ ሊከተሉት ይቻላል። ዘመን ሲረዝም ግን ዝናብና ወንዝ ገጹን ይልጡታል፤ አፈ ገሞራው ይፈርሳል ወይም በሌላ ላቫ ይቀበራል፤ ቁልቁለት የነበረው ሜዳ፣ ሜዳ የነበረው ገደል ይሆናል። የሚቀረው በየትኛውም ጎኑ ቢያዩት አንድ ዓይነት የሚመስል ጥቁር ድፍን ባዛልት ነው። የፍሰቱ ወሬ በዚህ ድፍን ነገር ውስጥ አለ ከተባለ፣ ያለው ማግኔታይት በተባለ ማዕድን፣ በዓይን በማይለዩ ቅንጣቶች ዘንድ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሚገኘው በቀላሉ በሚገመተው መንገድ አይደለም።

ድንጋይ ከማግኔት ጋር ሁለት ዓይነት ዝምድና አለው፤ ሁለቱን ሳይለዩ ወደዚህ ጉዳይ መግባት መጨረሻው መደናገር ነው። አንዱ ዝምድና ትዝታ ነው። ከ1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ የሚወጣ የባዛልት ላቫ እየቀዘቀዘ ሲሄድና የማግኔታይት ቅንጣቶቹ ከ580 ዲግሪ በታች ሲወርዱ፣ በዚያን ጊዜ በዚያ ቦታ የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይይዛሉ። መስኩ በኋላ ቢለወጥም የያዙትን አይለቁም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቤርናር ብሩን በ1906 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በካንታል አካባቢ ከተገኘ ላቫና ላቫው ከጠበሰው ሸክላ አፈር ውስጥ ከዛሬው ተቃራኒ የሆነ መስክ ማንበብ የቻለው በዚህ ትዝታ ነው። ስለ ድንጋይ ማግኔትነት የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ይህንን ነው፤ ላቫው የሄደበትንም ይኸው ትዝታ የሚናገር ይመስለዋል። ነገር ግን ወደ ምሥራቅ የፈሰሰውም ወደ ምዕራብ የፈሰሰውም በአንድ ዘመን ከቀዘቀዙ የሚያሳዩት አንዱኑ ሰሜን ነው። ከዚህም በላይ ትዝታው የሚታተመው ፍሰቱ ካበቃ በኋላ ነው፤ በ580 ዲግሪ ላይ ያለ ባዛልት እጅ የሚያቃጥል ቢሆንም ፈሳሽ አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ጮክ ብሎ የሚናገረው የማግኔት ወሬ ስለ ምድር ነው፤ ስለ ራሱ ጉዞ ዝም ይላል።

ሁለተኛው ዝምድና ምላሽ ነው። ማንኛውም ማግኔታይት የያዘ ድንጋይ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲገባ ለጊዜው በጥቂቱ ማግኔት ይሆናል፤ መስኩ ሲነሣ ያ ማግኔትነት አብሮ ይጠፋል። ድንጋዩ እዚህ ላይ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ ዛሬ ለተጠየቀው ዛሬ ይመልሳል። ምላሹ ግን መስኩ ከየት ወደ የት እንደተዘረጋ በመጠኑ ይለያያል፤ በአንዱ አቅጣጫ ትንሽ ይበረታል፣ በሌላው ትንሽ ይላላል። ስዊድናዊው ጉስታፍ ኢሲንግ በ1942 ይህንን ልዩነት በሐይቅ ሥር በተነባበረ ሸክላ አፈር ላይ ለክቶ አሳየ፤ አሜሪካዊው ጆን ግራሃም ደግሞ በ1954 የአለትን ውስጣዊ አሰላለፍ ለማንበብ የሚያገለግል፣ ነገር ግን ማንም ያልተጠቀመበት መሣሪያ መሆኑን አመለከተ። እንግዲህ የጥንቱ ፍሰት የሚፈለገው ትዝታ በሌለበት በዚህ በኩል ነው። ያለፈውን የሚገልጸው ከድንጋዩ ሁለት ችሎታዎች መካከል ያለፈውን የማይዘው መሆኑ እንግዳ ነገር ነው፤ ሆኖም ነገሩ እንደዚያ ነው።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ሐሳቡን ያጠራዋል። ናሙናው የሚወጣው ጫፉ አልማዝ በተለበሰና በውሃ እየቀዘቀዘ በሚሽከረከር ክፍት መሰርሰሪያ ነው፤ ከአለቱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል ዘንግ ይፈለፈላል። ዘንጉ ከእናት አለቱ ሳይገነጠል በፊት አናቱ ላይ መስመር ይጫርበታል፤ መስመሩ ዘንጉ ወዴት እንደዞረና ምን ያህል እንዳዘነበለ ይነግራል። ይህ ጭረት ከሌለ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቤተ ሙከራው ከድንጋዩ ውስጥ አቅጣጫ ሊያወጣ ይችላል፣ ያ አቅጣጫ በዓለም ላይ ወዴት እንደሚያመለክት ግን የሚያውቀው ጭረቱ ብቻ ነው። ጭረቱን በኮምፓስ መመዝገብ ቀላል መስሎ ይታያል። ይሁንና በብርቱ የተማገነጠ ባዛልት የኮምፓሱን መርፌ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ተመርማሪው መርማሪውን ያሳስታል። ስለዚህ ባለሙያው ከማግኔት ወደ ፀሐይ ይሸሻል፤ የአንዲት ቀጭን ዘንግ ጥላ የት እንደወደቀና ሰዓቱን መዝግቦ እውነተኛውን ሰሜን በስሌት ያገኛል። ከዚያ ዘንጉ 2.2 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ባላቸው ቁራጮች ተቆርጦ በሽቦ ጥቅል መሃል ይገባል፤ በተለያየ አኳኋን እየዞረ ምላሹ ይለካል። ልኬቶቹ ሲጠቃለሉ አንድ ሞላላ ቅርጽ ይሰጣሉ። ረጅሙ ዘንጉ ምላሹ የበረታበት፣ አጭሩ ዘንጉ ምላሹ የላላበት ነው፤ መካከለኛው ለሁለቱም በቀጤ ነክ ይቆማል። በላቫ ድንጋይ ላይ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ሞላላው ለዓይን ቢቀርብ ክብ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ጠቅላላው ክርክር የተንጠለጠለው ከክብነት በተረፈችው በዚያች ጥቂት ነገር ላይ ነው።

የጥናቱ መነሻ ግምት የሞላላው ረጅም ዘንግ የፍሰቱን መስመር ይከተላል የሚል ነው። ግምቱ ከየት መጣ? ማግኔታይት በራሱ ተፈጥሮ ለአንዱ አቅጣጫ የሚያደላ ማዕድን አይደለም ማለት ይቻላል፤ ምላሹን የሚያዛባው ቅርጹ ነው፤ ረዘም ያለ ቅንጣት በቁመቱ በኩል ይበልጥ ይማገነጣል። ስለዚህ ረጃጅም ቅንጣቶች በአንድ መስመር ከተሰለፉ የድንጋዩ ምላሽ በዚያ መስመር ይበረታል። ቀጣዩ ጥያቄ ቅንጣቶቹን ያሰለፋቸው ምንድን ነው የሚል ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ጄፍሪ በ1922 ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ሞላላ ቅንጣት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አስልቷል። ውጤቱ ከሚጠበቀው ይለያል። የሚፈስ ማር ውስጥ የወደቀ ስንጥር ወደ ፍሰቱ ዞሮ እዚያው ያርፋል ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ በጄፍሪ ስሌት ግን ስንጥሩ ፍሰቱ እስካለ ድረስ አያርፍም፣ ዘወትር ይገለባበጣል። በፍሰቱ መስመር ላይ ሲደርስ ግን ይዘገያል፤ ሲጋደም ይፈጥናል። ከዕድሜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው ወደ ፍሰቱ ዞሮ ነው፤ ቀሪውን ጥቂት ጊዜ በመገልበጥ ያሳልፋል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የ«አቅጣጫ»ን ትርጉም ይለውጠዋል። አንዱ ቅንጣት ለብቻው ቢወሰድ ስለ ፍሰቱ የሚነግረው የታመነ ነገር የለም፤ ላቫው የረጋው ቅንጣቱ በሚገለበጥበት ቅጽበት ሊሆን ይችላል። እውነቱ ያለው በብዛቱ ውስጥ ነው፤ አእላፍ ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ ሲያዙ ብዙዎቹ በዘገዩበት መስመር ላይ ይገኛሉ። ከድንጋዩ የሚነበበው «አቅጣጫ» እንግዲህ የአብዛኛው ዝንባሌ ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በተናጠል የማያውቀውን ሁሉም በጋራ ያሳያሉ። የፍሰት መስመር በየትኛውም ነጠላ ነገር ላይ አልተጻፈም። ከሁሉም ላይ ግን ይነበባል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ አላበቃም። በብዙ ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት ዘግይቶ የሚፈጠር ማዕድን ነው። ላቫው ሲፈስ ቀድመው የተፈጠሩት ረጃጅሞቹ የፌልድስፓር ክሪስታሎች ናቸው፤ ማግኔታይቱ በእነርሱ መካከል በቀረው ክፍተት ውስጥ የሚፈጠረው ፍሰቱ ሲያዘግም ወይም ጭራሽ ካቆመ በኋላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ምስክሩ በነገሩ ጊዜ አልነበረም። ሮበርት ሃርግሬቭስና ባልደረቦቹ በ1991 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ቅንጣቶቹ እያንዳንዳቸው ረዘም ያሉ ባይሆኑም እንኳ የተቀመጡበት አሰፋፈር ረድፍ ከያዘ፣ እርስ በርስ በሚያደርጉት መግነጢሳዊ ተጽዕኖ የድንጋዩ ምላሽ በረድፉ በኩል ይበረታል። ፌልድስፓሮቹን ፍሰቱ አሰለፋቸው፤ ክፍተቶቹ የፌልድስፓሮቹን ሰልፍ ወረሱ፤ ማግኔታይቱ የክፍተቶቹን ወረሰ፤ መሣሪያው የሚያነበው የመጨረሻውን ወራሽ ነው። በችሎት እንዲህ ያለ ቃል «ከሌላ ሰማሁ» ተብሎ ዋጋው ይቀንስ ነበር። እዚህ ላይ ግን ፍርዱን ማለዘብ ተገቢ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሰሚ ሰው ሲያወራ ሊጨምር ሊቀንስ ይችላል፣ ክፍተት ውስጥ የበቀለ ማዕድን ግን ከክፍተቱ ሌላ ቅርጽ የሚይዝበት ምርጫ የለውም። በነገሩ ጊዜ አለመኖር ብቻውን ምስክርነትን አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው በነገሩና በምስክሩ መካከል ያለው ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ነው። ድንጋዩ ከረጋ በኋላ ትኩስ ውሃ ሰርጎ ገብቶ ማዕድናቱን ከለወጠ ሰንሰለቱ ተበጥሷል፤ የሚለካው ሞላላ ልኬት ነው፣ የፍሰት ወሬ ግን አይደለም።

ከዚህ የባሰው ምስክሩ እዚያው ነበር፣ ሰንሰለቱም አልተበጠሰም፣ ነገር ግን «አዎ» ሲል «አይደለም» ማለቱ የሆነበት ጊዜ ነው። እጅግ ደቃቅ የሆኑ፣ ከሚሊሜትር አሥር ሺኛ እጅ ብዙም የማይበልጡ የማግኔታይት ቅንጣቶች ገና ከመጀመሪያው በቁመታቸው በኩል ሙሉ በሙሉ የተማገነጡ ናቸው። በዚያ በኩል ደካማ መስክ ቢቀርብላቸው የሚጨምሩት ነገር የለም፤ የቀራቸው ምላሽ ያለው በወርዳቸው በኩል ነው። ፖተርና ስቲቨንሰን በ1988 እንዳሳዩት በእንዲህ ያለ ድንጋይ የሞላላው ረጅም ዘንግ ቅንጣቶቹ ለተሰለፉበት መስመር ቀጤ ነክ ሆኖ ይቆማል። ቁጥሩ ያው፣ ሞላላው ያው፣ የመሣሪያው ጥራትም ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ይገለበጣል። ከዚህ የሚወጣው ነገር ለዘዴው ሁሉ መሠረታዊ ነው። ልኬት ብቻውን ትርጉም አይሸከምም፤ ቃሉን ከመቀበል በፊት ተናጋሪው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ጠንቃቃ ቤተ ሙከራ ናሙናውን እያጋለ ምላሹ በስንት ዲግሪ እንደሚጠፋ ያያል፣ ቅንጣቶቹን በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፣ አሰላለፉንም በሌላ መንገድ፣ መስኩ ሲነሣ በማይጠፋው ቀሪ መግነጢስ በኩል ደግሞ ይለካል። ይህን ሁሉ ሳያደርግ ከሞላላው በቀጥታ የፍሰት ካርታ የሚሥል ጥናት፣ ካርታው ምንም ያህል ቢያምር፣ ለማመን ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ተሟልቷል እንበል። ድንጋዩ ትኩስ ውሃ ያልነካው፣ ቅንጣቶቹ ትልልቅ፣ ሰልፉም የታመነ ነው፤ ረጅሙ ዘንግ ከሰሜን ምሥራቅ እስከ ደቡብ ምዕራብ ተጋድሟል። ላቫው ወዴት ፈሰሰ? እዚህ ላይ ዘዴው ከሁሉ ጥልቅ ወደሆነው ችግሩ ይደርሳል፤ የተገኘው መስመር ቀስት የለውም። ላቫው ከሰሜን ምሥራቅ መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዶም ሊሆን ይችላል። የዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱን በ«አቅጣጫ» ጠቅልሎ ያልፋቸዋል፤ ነገር ግን በየትኛው መስመር ላይ መሆንና በመስመሩ ላይ ከየት ወደ የት መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መሣሪያውን ማሻሻል ይህን ጉድለት አይሞላውም፤ ድክመቱ የመሣሪያው አይደለምና። መስኩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርግቶ መለካትና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ መለካት ምንጊዜም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሞላላ ቅርጽ ፊትና ኋላ የለውም። ጥያቄው ከየት ወደ የት የሚል ከሆነ፣ መልሱ በዚህ ልኬት ውስጥ በመርህ ደረጃ የለም።

ሆኖም አንዱ ድንጋይ የሌለውን ሁለት ድንጋዮች ሊኖራቸው ይችላል። ይህ በግልጽ የሚታየው በዳይክ ላይ ነው፤ ዳይክ ማለት ቅልጥ አለት ከሥር ሰንጥቆ ገብቶ በስንጥቁ ውስጥ የረጋበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቀጭን የአለት ሰሌዳ ነው። ቅልጡ አለት በስንጥቁ ውስጥ ሲሄድ መሃሉ ይፈጥናል፣ ከግድግዳዎቹ ጋር የሚነካካው ዳርና ዳር ይጎተታል። በዚህ መጓተት ምክንያት በግራው ግድግዳ አጠገብ ያሉ ቅንጣቶች ግድግዳውን ልክ አይከተሉም፤ የፊተኛ ጫፋቸውን ወደ መሃል ጥቂት ያዘነብላሉ። በቀኙ ግድግዳ አጠገብ ያሉትም እንዲሁ ወደ መሃል ያዘነብላሉ፤ ይህም ለግራዎቹ ተቃራኒ ነው። ከሁለቱም ዳር ናሙና ተወስዶ ዝንባሌያቸው ጎን ለጎን ሲታይ ሁለቱ መስመሮች ወደ አንድ ጫፍ ይጠጋጋሉ፤ የሚጠጋጉበት ጫፍ ቅልጡ አለት የሄደበት ነው። ማይክል ናይትና ጆርጅ ዎከር በሐዋይ ኦአሁ ደሴት በሚገኙት የኩላው ዳይኮች ላይ በ1988 ባሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ ከመስመሩ ላይ ቀስት አወጡ። ልብ ሊባል የሚገባው ቀስቱ ከሁለቱ ድንጋዮች በአንዳቸውም ውስጥ አለመኖሩ ነው። የግራው ለብቻው መስመር ብቻ ነው፤ የቀኙም ለብቻው እንዲሁ። ቀስቱ በመካከላቸው ባለው ልዩነት ውስጥ ነው፤ ግድግዳ የሌለው ፍሰት ቢኖር እስከ መጨረሻው ቀስት አልባ ሆኖ በቀረ ነበር። የጄፍሪ ቅንጣት ዘወትር የሚገለባበጥ መሆኑ ግን እዚህም ይከተላል። አንዳንድ ቅንጣት ከመስመሩ አልፎ ወደ ሌላው በኩል ሊያዘነብል ስለሚችል፣ ሁለቱ ዳሮች እርስ በርስ የማይስማሙበት ዳይክ ብርቅ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ቀስቱ ጭራሽ አያስፈልግም። በሰሜናዊ ካናዳ የሚገኙት የማኬንዚ ዳይኮች ከ1.27 ቢሊዮን ዓመታት በፊት የተፈጠሩ ናቸው፤ ከቪክቶሪያ ደሴት አካባቢ ተነሥተው ወደ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እየተበተኑ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃሉ። እያንዳንዱ ዳይክ ከሥሩ፣ ከዚያው ከቆመበት ምድር ውስጥ ወደ ላይ የወጣ ነው ብሎ ማሰብ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። ሪቻርድ ኧርንስትና ባራጋር በ1992 ባወጡት ጥናት የዳይኮቹን መግነጢሳዊ አሰላለፍ ከተበተኑበት ማዕከል አንሥተው ተከተሉት። ከማዕከሉ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ይጋደማል። የቆመና የተጋደመ መስመርን ለመለየት ቀስት አያስፈልግም። ከማዕከሉ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው ዳይክ ከእግሩ ሥር አልወጣም፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ ወደ ጎን እየሰነጠቀ የመጣ ነው። የቀስቱን ሥራ የዳይኮቹ አበታተን ራሱ ሠራው፤ ከአንድ ሥፍራ የሚበተኑ ነገሮች ወደዚያ ሥፍራ ተጠራቅመው ገቡ ከማለት ይልቅ ከዚያ ወጡ ማለት ይቀላል። የዚህ ጥናት ክብደት ያለው የአንድን ፍሰት መስመር በማወቁ ላይ ብቻ አይመስልም። «የአንድ አለት ምንጭ የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ከሥሩ» የሚለውን መልስ ከእርግጠኝነት ወደ ግምት ዝቅ አደረገው።

እንዲህ ያለው የጎን ጉዞ በዘመናችን በአፋር ታይቷል። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዳይክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገባ፤ ምድሪቱ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ከዚያ እስከ 2010 ድረስ ሌሎች አነስ ያሉ ዳይኮች ተከታትለው ገቡ፤ በእነዚህም ጊዜ የመሬት መንቀጥቀጡ ነጥቦች ከስምጥ ሸለቆው ክፍል መሃል ተነሥተው ወደ ዳር ሲጓዙ በመሣሪያ ተመዘገቡ። እዚህ ላይ ቀስቱ ማንንም አላደከመም፤ መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው እዚህ፣ ቀጥሎ የተንቀጠቀጠው እዚያ ነው፣ አለቀ። ቀስትን ቀስት የሚያደርገው «መጀመሪያ»ና «ቀጥሎ» ነውና። ድንጋይ የሚጎድለው ይኸው ነው፤ ቦታን በሙሉ ይዟል፣ ተራን ግን አልያዘም። ይሁን እንጂ የአፋሩ ዳይክ ዛሬ በኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ጥልቀት ውስጥ ነው፤ መሰርሰሪያ ይዞ የሚደርስበት የለም። ስለዚህ በዳይኮች ጉዳይ ላይ አንድ ግትር ተቃርኖ ይቀራል። ጉዞው የታየለት ዳይክ ድንጋዩ አይገኝም፤ ድንጋዩ የሚገኝለት ዳይክ ጉዞው አልታየም። ዘዴው ትክክል መሆኑን ዳይክ ላይ ለማረጋገጥ አንዱን እስኪሸረሸር መጠበቅ ቢያስፈልግ፣ ጠባቂው ሚሊዮን ዓመታት ያስፈልጉታል።

ገጸ ምድር ላይ በፈሰሰ ላቫ ዘንድ ማረጋገጡ ይቀላል፤ መንገዱ የታወቀ ላቫ ተሰርስሮ ሞላላውን ከታወቀው መንገድ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከሜክሲኮ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው የሺትሌ ላቫ ላይ የተደረጉት ዓይነት ጥናቶች ያሳዩት መልሱ የላቫው የትኛው ክፍል በመጠየቁ የሚወሰን መሆኑን ነው። ሥሩና አናቱ፣ ማለትም ላቫው ከመሬቱ ወይም ከረጋው ቅርፊቱ ጋር የተጓተተባቸው ክፍሎች፣ ደህና ይናገራሉ፤ መጓተት በሌለበት መሃሉ ግን ዘንጎቹ ይዘባረቃሉ። ይህ የሚያስገርም መሆን አልነበረበትም። ቅንጣቶችን የሚያሰልፋቸው በጎረቤት ንብብሮች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት እንጂ መሄዱ ራሱ አይደለም፤ ሁሉም እኩል የሚሄድበት ሥፍራ ምንም ያህል ቢፈጥን ምልክት አይተውም።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ድንጋዩ የትኛውን ጊዜ ነው የሚናገረው? የሚይዘው ከመርጋቱ በፊት የነበረውን የመጨረሻ መጓተት ነው። አንድ ላቫ 50 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተጉዞ በመጨረሻዋ ሰዓት ወደ ምዕራብ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ቢገባ፣ በዚያ ሥፍራ ያለው ድንጋይ «ምዕራብ» ይላል። ተሳሳተ ሊባል አይችልም፤ ስለ ራሱ ሥፍራና ስለ ራሱ የመጨረሻ ሰዓት እውነቱን ተናግሯል። ስሕተቱ ያለው የላቫውን ታሪክ ሁሉ «አቅጣጫ» በሚል ነጠላ ቃል መጠየቁ ላይ ነው። ባለሙያዎች ይህንን ለማለፍ ከብዙ ሥፍራ ናሙና ወስደው አማካዩን ያሰላሉ። አማካዩ ጠቃሚ ነው፤ ግን ግማሹ ክንድ ወደ ሰሜን፣ ግማሹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የፈሰሰ ላቫ አማካዩ በሁለቱ መካከል ይሆናል፤ ወደዚያ የሄደ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይኖር።

ምድሪቱ ራሷ ከዚያ ወዲህ ዞራ ከሆነ ደግሞ መስመሩ አብሯት ይዞራል፤ ሞላላው መዞሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በምሥራቅ መካከለኛው አፋር ያለው የምድር ቅርፊት ባለፉት 2 ሚሊዮን ገደማ ዓመታት ውስጥ ወደ 11 ዲግሪ ያህል በሰዓት ቆጣሪ አዙሪት ዞሯል። ይህ የታወቀው ባዛልቱ በያዘው የጥንት ሰሜንና ይጠበቅ በነበረው ሰሜን መካከል ካለው ልዩነት ነው፤ ስለ ፍሰት ዝም የሚለው ትዝታ የፍሰቱ መስመር በስንት ዲግሪ ወደ ኋላ መመለስ እንዳለበት ይናገራል ማለት ነው። ሁለቱ ዝምድናዎች ከአንድ ናሙና ላይ የሚለኩ በመሆናቸው ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ናሙና አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራብ ደጋ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድነት የሚነሡበት ሥፍራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው የፈሰሰው የጎርፍ ባዛልት በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ተነባብሯል። ላቫው የወጣው በአብዛኛው ከረጃጅም ስንጥቆች ነው፤ ብዙዎቹን በኋላ የፈሰሰው ሸፍኗቸዋል። «ይህ ደጋ ከየት ፈሰሰ?» የሚለው ጥያቄ እንደተጠየቀ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ንብብር የራሱ ስንጥቅ፣ የራሱ ቁልቁለትና የራሱ የመጨረሻ ሰዓት ነበረው፤ አንዱ የሞላው ጎድጓዳ ለሚቀጥለው ሜዳ ይሆናል። መልስ ሊኖረው የሚችለው «ይህ ንብብር፣ በዚህ ሥፍራ፣ ከመርጋቱ በፊት በየትኛው መስመር ተጓተተ?» የሚለው ጠባብ ጥያቄ ነው። በሊማሊሞ መንገድ በተቆረጠው ገደል ላይ መሰርሰሪያ የሚያሳርፍ ሰው ከእያንዳንዱ ንብብር ሥርና አናት ለየብቻ መውሰድ፣ የንብብሩን ዝንባሌ መመዝገብ፣ መሃሉን ማለፍ ይኖርበታል፤ ወደ ሚቀጥለው ንብብር ሲወጣም ጥያቄውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።